የሰፈር ጓሮ እንዴት ይያዛል? ከዶዘርስ እንዴት ይተርፋል?

ይህን የምጽፈው ሲያትል ውስጥ ለምትኖሩ፣ በተለይ ሬኒየር ቫሊ፣ ኒውሆሊና ሬኒየር ቢች አካባቢ ላላችሁ ወገኖች ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም ብዙውን ነገር ወደ ራሳችሁ ሰፈር መልሳችሁ አንብቡት። እኔ ደቡብ ሲያትል ውስጥ ባለ አንድ የጋራ ጓሮ፣ ማለትም የሰፈሩ ሰዎች በየመደቡ ተከፋፍለው በሚያለሙት ቦታ፣ ለዓመታት ጎመን፣ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት ሳበቅል ኖሬያለሁ። አሁን ከአስተባባሪዎቹም አንዱ ነኝ። አበሻ ባገኘሁ ቁጥር ሁለት ጥያቄ አይቀርልኝም። «መደብ እንዴት ነው የሚገኘው?» እና «ሊያፈርሱት ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ?»

ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ ነው የምመልሰው። ዶዘሩ በር ላይ ከቆመ በኋላ የሚጮህ ጩኸት ብዙም አያድንም። ጓሮን የሚያድነው ነገሩ ሁሉ ሰላም በሆነበት ጊዜ የተሠራ ሥራ ነው። የመሬቱን ወረቀት ማወቅና ጎረቤቱን የጓሮው ወገን ማድረግ ማለቴ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ። ስለዚህ ከምዝገባው ጀምሬ ወደ ወረቀቱ እወስዳችኋለሁ።

ምዝገባው

የሲያትል ከተማ የጋራ ጓሮ ፕሮግራም ፒ-ፓች ይባላል። የተጀመረው በ1973 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)። መነሻው በሰሜን ምሥራቅ ሲያትል የነበረው የፒካርዶ ቤተሰብ እርሻ ነው። ፒካርዶዎች ከጣሊያን የመጡ ስደተኛ ገበሬዎች ነበሩ። ይህን ያነሳሁት «እኛ መጤዎች ነን፣ ምን አገባን» የሚል ሰው ስለሚያጋጥመኝ ነው። ነገሩ ከመነሻውም የስደተኛ እርሻ ነው።

ዛሬ በከተማው 90 ያህል ጓሮዎች አሉ። የሚያስተዳድራቸው የከተማው የሰፈሮች መምሪያ ነው። በድረ ገጹ ወይም በስልክ ትመዘገባላችሁ፣ ለቤታችሁ የሚቀርበውን ጓሮ ትመርጣላችሁ፣ ወረፋ ትጠብቃላችሁ። አንዳንዱ ጓሮ በቶሎ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ያስጠብቃል። ስለዚህ «ቤት ከቀየርኩ በኋላ»፣ «ልጆቹ ከፍ ካሉ በኋላ» አትበሉ፤ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። ዓመታዊ ክፍያ አለው፤ አቅም ለሌለው ግን ቅናሽ ስላለ ሳታፍሩ ጠይቁ። በምላሹ ከእናንተ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ ተባይ አለመጠቀም። ሁለተኛው፣ በዓመት ቢያንስ 8 ሰዓት በጋራ ሥራ መሳተፍ፦ መንገዱን ማጽዳት፣ ኮምፖስት መገልበጥ፣ አጥር መጠገን።

እነዚያን የጋራ ሥራ ሰዓታት እንደ ቅጣት አትቁጠሯቸው። ከጎረቤት ጋር የምትተዋወቁት በዚያ ነው። ቀን ሲከፋ ከጎናችሁ የሚቆመውም አብሯችሁ ጋሪ የገፋው ሰው ነው።

ከመትከላችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ

የከተማ አፈር ታሪክ አለው። የድሮ ቤት ቀለም ሲላላጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ወደ አፈር ይገባል። ድሮ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስም በትልልቅ መንገዶች ዳር ተቀምጧል። ከኛ በስተደቡብ ታኮማ አጠገብ የነበረው የማዕድን ማቅለጫ ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ እስኪዘጋ ድረስ አርሴኒክ የሚባል መርዝና እርሳስ በነፋስ ሲበትን ነው የኖረው። ሲያትል ያለችበት የኪንግ ካውንቲ ደቡባዊ ክፍል ከዚያ የደረሰው አለ። በጋራ ጓሮ መደብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ አፈር ስለሚሞላ ስጋቱ ይቀንሳል። ቢሆንም አስተባባሪውን «አፈሩ ተመርምሮ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የንጥረ ነገር ምርመራን የኪንግ ጥበቃ ዲስትሪክት የሚባለው የካውንቲው የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ተቋም ለነዋሪዎች በነፃ ይሠራል። የእርሳስና የአርሴኒክ ምርመራ ግን ለብቻው ነው፤ ያንን ለይታችሁ ጠይቁ። ቅጠላ ቅጠሉን በደንብ እጠቡ። ልጆችም ከአፈር ሲመለሱ እጃቸውን ይታጠቡ።

ምን ይበቅላል?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አየሩን ካወቃችሁት ቀላል ነው። ሲያትል ቅዝቃዜዋ ለጎመን ትመቻለች፣ ለቃሪያ ግን ታስቸግራለች። የጎመን ዘር በመጋቢትና በሚያዝያ ዝሩ፤ በበጋው ማብቂያ ደግሞ ለበልግ ድገሙ። ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ተክላችሁ በሐምሌ ትነቅላላችሁ። ቃሪያና በሶብላ ችግኛቸው ቤት ውስጥ ይፈላና ሌሊቱ ሞቅ ሲል፣ ከግንቦት መጨረሻ በኋላ ይወጣሉ። ኮሰረት ካላችሁ በዕቃ ትከሉት፤ ክረምት ሲመጣ ወደ ቤት ታስገቡታላችሁ። ወራቱንና ወቅቶቹን የምላችሁ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው። ሐምሌና ነሐሴ የአገራችንን ዝናብ እንዳትጠብቁ። እዚህ እነዚያ ወራት ደረቅ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሥሩ ድረስ የሚዘልቅ ውሃ አጠጡ፤ አፈሩንም በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ ሸፍኑት።

ቀንደኛ ጠላታችሁ ያ ዛጎል የሌለው፣ የሚያዳልጥ ቀንድ አውጣ ነው። ማታ ጣውላ መሬት ላይ አጋድማችሁ ብትተዉት ሌሊቱን እሥሩ ይሰበሰባል። ጠዋት አንስታችሁ ትለቅሙታላችሁ። ክሽክሽ ደግሞ የጎመኑ ቅጠል ሥር ነው የሚደበቀው፤ በጠንካራ ውሃ እጠቡት።

ጎመን አቀናጠስን ከአንዲት እናት ተምሬያለሁ። ልጃቸው ናት ያስመጣቻቸው። እሷ ሁለት ሺፍት ትሠራለች፤ እማማ ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ተዘግተው ቴሌቪዥን ሲያዩ ነበር የሚውሉት። መደብ ከደረሳቸው ወዲህ ጠዋት ነጠላቸውን አደግድገው ይመጣሉ። ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ፣ ግንዱ ጋ ጠጋ አድርገው በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ጫን ይሉታል፤ ቀጭ ብሎ ይላቀቃል። ከላይ ያሉትን ሦስት አራት ለጋ ቅጠሎች አይነኩም። አንድ ቀን እጄን ወደ ላይ ስሰድ አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ላዩን እንዳትነካው! እናቱ እሱ ነው» አሉኝ። እንዲህ የተያዘ ጎመን ወራት ይሰጣል።

አጠገባቸው ያለው መደብ የአንዲት ቬትናማዊት አሮጊት ነው። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። ግን ሴትየዋ የዱባ ቀንበጥ እየቀጠፈች ትሰጣቸዋለች፤ በቬትናሞች ቤት ተቀቅሎ ይበላል። እማማም ጤና አዳም ይሰጧታል፣ አሽትተው እያሳዩ። ጓሮው ለሰፈሩ ምን ይጠቅማል ሲባል እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ነው። እማማ አሁን አንድ ቀን ከቀሩ ምን አገኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላቸው።

ጥቅሙን በወረቀት አስቀምጡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እየመጣሁ ነው። የእማማን ነገር እኔ አውቀዋለሁ፤ የከተማው ምክር ቤት ግን አያውቀውም። ስለዚህ ጓሯችሁ የሚሰጠውን ነገር በየጊዜው መዝግቡ። የሚያስፈልገው ደብተርና ሚዛን ብቻ ነው።

የኛ ጓሮ በበጋ ትርፉን ለምግብ ባንክ፣ ማለትም ለችግረኞች ምግብ በነፃ ለሚያድል ድርጅት፣ ያቀርባል። ቆስጣውን በላስቲክ እያሰርን፣ ሳጥኑን ሚዛን ላይ እያስቀመጥን ቀኑንና ክብደቱን እንጽፋለን። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን በእጃችሁ ያለው ቁጥር ማንም «ጥቂት ሰዎች የሚዝናኑበት ቦታ ነው» እንዳይላችሁ ይረዳል። ከዚያ ሌላ የሚጻፈው፦ ስንት ቤተሰብ መደብ እንዳለው፣ ስንት ሰው ወረፋ ላይ እንዳለ፣ በጓሮው ስንት ቋንቋ እንደሚነገር፣ የትኛው ትምህርት ቤት ልጆቹን ይዞ እንደመጣ። ጓሮው ከመሠራቱ በፊት ቦታው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ፎቶ ካለ እንደ ዓይን ብሌን ጠብቁት።

ጥናትም መጥቀስ ይጠቅማል፤ በልኩ ከሆነ። በ2018 የታተመ የፊላደልፊያ ጥናት 541 ባዶ ቦታዎችን ይዞ፣ ከፊሉን አጽድቶ ሣርና ዛፍ በመትከል ውጤቱን ለካ። በድሃ ሰፈሮች የጠመንጃ ጥቃት 29 በመቶ ቀነሰ። ይህ ስለ ፀዳና ስለ ለማ ባዶ ቦታ እንጂ በቀጥታ ስለ ጎመን መደብ አይደለም፤ ስትጠቅሱት እንደዚያው አድርጋችሁ ተናገሩ። በ2008 የታተመ የኒውዮርክ ጥናት ደግሞ የጋራ ጓሮ በተከፈተበት አካባቢ፣ በተለይ በድሃ ሰፈሮች፣ የቤት ዋጋ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ይህ ሁለተኛው ግን ቆም ብላችሁ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። ሰፈራችን ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ በነበረ ጊዜ የፈለገው አልነበረም። እኛ አረሙን ነቅለን፣ ጠርሙስ ለቅመን፣ አበባ ስንተክል ግን የአካባቢው ዋጋ ከፍ ይላል፤ ገንቢውም ዓይኑን ይጥላል። ጓሮውን ያሳመረው ላብ ራሱ ጓሮውን ለሽያጭ ያሳምረዋል። ያማል፤ ግን እውነት ነው። ለዚህ ነው ወረቀቱን ቀድማችሁ እዩ የምለው።

መሬቱ በማን ስም ነው?

አገር ቤት መሬት ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርታ አለው ወይ?» ነው። እዚህ ሲደርስ ይህን ጥያቄ የምንረሳው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። አጥር አለው፣ ውሃ አለው፣ የከተማው ምልክት ተሰቅሏል ማለት መሬቱ የተጠበቀ ነው ማለት አይደለም። በአንድ ፕሮግራም ሥር ያሉ ጓሮዎች እንኳ መሬታቸው የተለያየ ነው። ከፊሉ የፓርክ መሬት ነው፤ ከፊሉ የመብራት ኃይሉ ወይም የመንገድ መምሪያው ነው፤ ከፊሉ የሲያትል ቤቶች ባለሥልጣን፣ ከፊሉም የቤተ ክርስቲያን ወይም የግለሰብ ነው።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። የኪንግ ካውንቲ አሰሰር (የንብረት ግምት ቢሮው) ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገብታችሁ የፓርሰል ቁጥሩን፣ ማለትም የመሬቱን መለያ ቁጥር፣ ታገኛላችሁ። እዚያው ስፋቱንና የሽያጭ ታሪኩን ታያላችሁ። የባለቤትነት ሰነዱን ደግሞ ካውንቲው ሪከርደር (ሰነድ መዝጋቢ) ቢሮ ታገኙታላችሁ፤ ለማንም ክፍት ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጓሮው በመሬቱ ላይ ያለው በምን ውል ነው? ውሉ መቼ ያበቃል? ባለቤቱ ልሽጥ ቢል ስንት ጊዜ ቀድሞ ማሳወቅ አለበት? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በኢሜይል ይጻፍላችሁ።

በሲያትል ከሁሉ የተሻለ ዋስትና ያለው የፓርክ መሬት ነው። እዚህ ማውንት ቤከር ሰፈር ብራድነር ጋርደንስ የሚባል ፓርክ አለ፤ ያላያችሁት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በ1990ዎቹ ከተማው ያንን መሬት ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ሊሸጠው አስቦ ነበር። ጎረቤቶቹ ግን ለራሳቸው ጓሮ ብቻ አልተሟገቱም፤ የከተማውን ፓርክ ሁሉ የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ ፊርማ አሰባሰቡ። በ1997 ምክር ቤቱ አጸደቀው። ሕጉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ከተማው የፓርክ መሬት ለሌላ ነገር ለማዋል ከፈለገ የሕዝብ ውይይት ማድረግ፣ ሌላ አማራጭ እንደሌለ ማሳየት፣ በምትኩም በዚያው አካባቢ በስፋት፣ በዋጋና በጥቅም እኩል ወይም የተሻለ መሬት ማምጣት አለበት። ስለዚህ ጓሯችሁ የከተማው ሆኖ የፓርክ መሬት ካልሆነ፣ ወደ ፓርኮች መምሪያ እንዲዛወር መጠየቅ ትልቅ ሥራ ነው። ማንም ባልተጣላበት ሰዓት ጠይቁ።

የግል መሬት ከሆነ መፍትሔው መግዛት ነው። የማይቻል እንዳይመስላችሁ። ባላርድ ያለው ፒ-ፓች ለአሥርት ዓመታት በአንድ ቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ መሬቱን ለመሸጥ ሲወስን ጓሮ አልሚዎቹ ግሮው ከተባለው የጓሮዎቹ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሰባስበው ገዙት። ሻጩ ለመነጋገር ፈቃደኛ ነበር፤ ገዢውም የተቋቋመ፣ ገንዘብ መቀበል የሚችል ድርጅት ነበር። ካውንቲው ራሱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ክፍት መሬት ለመግዛት የሚውል ከንብረት ግብር የሚሰበሰብ ፈንድ አለው። ማመልከቻው ጊዜ ስለሚፈጅ የጊዜ ሰሌዳውን አስቀድማችሁ እወቁ።

ሎስ አንጀለስ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሳውዝ ሴንትራል ፋርም 14 ኤከር ነበር፤ 350 ያህል ቤተሰብ፣ በአብዛኛው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ሰዎች ያርሱት ነበር። ከ1992ቱ የሎስ አንጀለስ ሁከት በኋላ ነው በዚያ ባለው የምግብ ባንክ በኩል የተሰጣቸው። በ2003 ከተማው መሬቱን ለቀድሞው ባለቤት መልሶ ሸጠ፤ ዋጋው 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በኋላ ደጋፊዎች ሰውየው የጠየቀውን 16 ሚሊዮን ያህል ዶላር አሰባስበው ቀረቡ። እምቢ አለ። ሰኔ 2006 ፖሊስ መጣ፣ ዶዘር ገባ፣ የበሰለው ሰብል ሁሉ ተገለበጠ። ታዋቂ ሰዎች ዛፍ ላይ ወጥተው ነበር፣ ካሜራው ሁሉ እዚያ ነበር፣ ገንዘቡም ነበር። ያልነበረው በገበሬዎቹ ወይም ለእነሱ በቆመ ድርጅት ስም የተጻፈ ወረቀት ነው።

ነጩ ሰሌዳ ሲቆም

ሲያትል ውስጥ ትልቅ ግንባታ ሲታሰብ ቦታው ላይ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ይተከላል። ብዙ ሰው ማስታወቂያ መስሎት ያልፈዋል። እናንተ ግን ቆማችሁ አንብቡት፣ ፎቶ አንሱት፣ የፕሮጀክቱን ቁጥር ጻፉ። ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ 14 ቀን ነው። በጽሑፍ ከጠየቃችሁ ሌላ 14 ቀን ይጨመራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ኢሜይላችሁ ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቅ ይሁን። ሰሌዳው የሚተከለው ጓሮው ላይ ብቻ አይደለም። አጠገቡ ረጅም ሕንፃ ቢሠራ ፀሐዩን ሊጋርደው ይችላል፤ ስለዚህ የጥላ ጉዳይንም አንሱ።

ስትጽፉ «ጓሯችንን አትንኩ» ብቻ ብላችሁ አትጨርሱ። ቤትም ያስፈልገናል። በኪራይ መናር ምክንያት ከሬኒየር ቫሊ ወደ ኬንትና ወደ ፌደራል ዌይ የሄዱትን ወገኖቻችንን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ባለ ጓሮና ቤት ፈላጊ ባላንጣ ሆነው ከቀረቡ የሚጠቀመው ሦስተኛው ሰው ነው። እኔ በበኩሌ፣ ተመጣጣኝ ኪራይ ያለው ቤት የሚሠራ ከሆነ ጓሮው በዕቅዱ ውስጥ እንዲገባ እጠይቃለሁ። ኒውሆሊ ይህ ሆኗል፤ የድሮው ሆሊ ፓርክ ፈርሶ ሲሠራ የጋራ ጓሮዎችና ነዋሪዎች አምርተው የሚሸጡባቸው እርሻዎች አብረው ታቅደዋል። የቅንጦት ቤት ለመሥራት የሕዝብ መሬት ይሸጥ ሲባል ግን በግልጽ እቃወማለሁ፤ እናንተም አታመንቱ።

ምክር ቤት ፊት መናገር ብዙዎቻችንን ያስፈራናል። የሚሰጣችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ስማችሁንና ሰፈራችሁን ተናገሩ፣ ከደብተሩ አንድ ቁጥር ጥቀሱ፣ ስለ አንድ ሰው አንድ ነገር ተናገሩ፣ የምትጠይቁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱ። አሥር ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከሚያነብ፣ አንድ መምህር፣ አንድ የምግብ ባንክ ሠራተኛ፣ አንድ ከጓሮው ማዶ የሚኖር መደብ የሌለው ጎረቤትና አንዲት እናት ቢናገሩ ይሻላል። መደብ የሌለው ጎረቤት በተለይ ይደመጣል፤ ለራሱ ጥቅም መጣ የሚለው የለምና። እንዲህ ያለ ሰው የምታገኙት ደግሞ ቀድሞ በር አንኳኩታችሁ ቆስጣ ከሰጣችሁት ነው።

እናቶቻችን በአማርኛ ይናገሩ። እንግሊዝኛ አልችልም ብለው ወደኋላ እንዳይሉ፤ ከተማው አስተርጓሚ ያቀርባል። ግን ስብሰባው ዕለት ሳይሆን ቀናት ቀድማችሁ በኢሜይል መጠየቅ አለባችሁ። አስተርጓሚው የሚወስደው ጊዜ ከሁለቱ ደቂቃ ላይ እንዳይቀነስባቸው ኢሜይሉ ውስጥ ጨምራችሁ ጻፉ፤ መልሱንም አትሙና ይዛችሁ ሂዱ።